ተጨማሪ መረጃ፦ ባልዲውን የመታው ሰውዬ

«ሂ ኪክድ ዘ በኬት» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ስታነቡ ቃላቱን በሙሉ ታውቋቸው ይሆናል፤ «ባልዲውን በእግሩ መታ»። መልእክቱ ግን «ሞተ» ነው። ፍራንሲስ ግሮስ በ1785 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ባሳተመው የተራው ሰው አነጋገር መዝገበ ቃላት ውስጥም በዚሁ ፍቺ ሰፍሯል። እኛስ ዓይኑን በጨው የታጠበ ስንል መቼ ስለ ጨው እናወራለን? እግሬ አውጪኝ ያለ ሰውም ከእግሩ ጋር አልተነጋገረም።

እንዲህ ያለው ፈሊጥ እንደ ልብ አይነካካም። «ዘ በኬት ዎዝ ኪክድ» ብላችሁ ወደ ተደራጊ ብትቀይሩት ሞቱ ይጠፋና እውነተኛው ባልዲ ይቀራል። «ስፒል ዘ ቢንስ»፣ ማለትም «ምስጢር አወጣ»፣ ግን ለውጡን ይችላል፤ «ዘ ቢንስ ወር ስፒልድ» ያስኬዳል።

ከሁሉ በላይ ቦታውን እዩ። ባልዲው ቀልድ አለበት፣ ንቀትም ይሸተዋል። አባቱ የሞቱበትን ጓደኛችሁን በእሱ ልታጽናኑ ብትሞክሩ ክፉኛ ታስቀይሙታላችሁ። እዚያ የሚባለው «ፓስድ አዌይ» ነው፤ ልክ እንደኛው «ዐረፉ»።