ነጠላው ለምን ግራጫ ሆነ?

ጥር 11 ማለዳ፣ ጃን ሜዳ። ጸበሉ እየተረጨ ነው፤ ነጠላና ጋቢ የለበሰው ሕዝብ ሜዳውን ነጭ አድርጎታል። ከሳምንት በፊት ካሜራ የገዛ አንድ ወጣት ከሰው ትከሻ በላይ እጁን ዘርግቶ ያነሳል፣ አሁንም ያነሳል። ማታ ቤቱ ገብቶ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍት ግን ያ ሁሉ ንጣት አመድ መስሎ ይጠብቀዋል። የሰዎቹም ፊት ጠቁሮ ዓይንና ቅንድብ አይለይም። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው ካሜራው ላይ ነው፤ «ሜጋፒክሰሉ አንሶ ይሆን? ሸጬው ከፍ ያለውን ልግዛ?»

ካሜራው ያደረገው የተሠራበትን ነው። ብርሃን ሲለካ፣ ከፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል፤ ይኸውም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ ነው። ፍሬሙን ነጠላ ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ይልና ይቀንሳል። ነጩ ወደ ግራጫ ይወርዳል፤ ጠይሙ ፊት ደግሞ አብሮ ይጨልማል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ፊት እየለዩ ለማረም ቢሞክሩም በነጭ ልብስ ባሕር መካከል አሁንም ይሳሳታሉ። መድኃኒቱ አምስት ሳንቲም አያስወጣም፤ አብዛኛው ካሜራ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ፤ እሱን ይዞ ወደ +1 መጨመር ነው። ነጠላው ይነጣል፤ ፊቱም ይፈካል። የደመራ ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ጨለማው ሰፊ፣ እሳቱ ትንሽ ስለሆነ ካሜራው «ብርሃን አነሰ» ብሎ ይጨምርና ነበልባሉን ነጭ እድፍ ያደርገዋል። ያኔ ወደ -1 መቀነስ ነው።

የጠይም ፊትና የፎቶግራፍ ጠብ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት ካርድ ያሰራጭ ነበር። ካርዱ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ስትሆን፣ ስሙም በመጀመሪያዋ ሞዴል «ሸርሊ» ተባለ። ፊልሙ ቡናማን በቅጡ እንዲይዝ ቅሬታ ካቀረቡት መካከል ቸኮሌት አምራቾችና የእንጨት ዕቃ ሻጮች ይገኙበታል። የወተት ቸኮሌቱና ጥቁሩ ቸኮሌት፣ የአንዱ እንጨትና የሌላው ቀለም አልለይ ብሏቸው ነው። የሰው ፊት ከቸኮሌት በኋላ ተራ ደረሰው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ወደ ሜጋፒክሰሉ እንመለስ። «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ወቅት ሚዛን የሚደፋ ጥያቄ ነበር። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። አንዱን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር፤ ምስሉም 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒኮን ዲ1 ወደ ጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች እጅ ሲገባ 2.7 ሜጋፒክሰል ይዞ ነው። ዛሬ 24 ሜጋፒክሰል ተራ ነገር ሆኗል። ኤ4 ወረቀት ላይ በጥሩ ጥራት ለማተም ከ9 በላይ አያስፈልግም፤ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውማ በመንገድ ላይ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ይህ ቁጥር ከመግዣ ምክንያቶች መጨረሻ ላይ ቢቀመጥ አይጎዳም።

ትልቁ ልዩነት ያለው ሌንሱ ላይ ነው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀን ከቤት ውጭ የሚታማ አይደለም። ላሊበላ ይዘውት ሲገቡ ግን ይፈተናል። ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ካህኑ ጧፍ ይዘው ዳዊት ይደግማሉ። ሌንሱን እስከ 55 ሲስቡት ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ካሜራውም ብርሃን ለመሰብሰብ ለምሳሌ 1/8 ሴኮንድ ያህል ክፍት ሆኖ መቆየት ግድ ይለዋል። በዚያች ቅጽበት የአንሺው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ካህኑ ገጽ ይገልጣሉ፣ ፎቶው ይደበዝዛል። እዚያው ቦታ ላይ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ቢገጠም አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ ፍጥነቱም ወደ 1/80 ሴኮንድ ያድጋል። የካህኑ ዓይን ጥርት ብሎ ይወጣል።

የኤፍ ቁጥር ጀማሪን የሚያደናግረው ሲያንስ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ነው። ምስጢሩ ማካፈል ላይ ነው። የሌንሱ ርዝመት ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው ኤፍ የሚባለው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ ብሌኑ ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ኤፍ 5.6 ላይ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ያንኑ ብርሃን በሌላ መንገድ ላግኝ ያለ ሰው ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን አይኤስኦ ከ1600 ወደ 16,000 ገደማ መስቀል አለበት። ያኔ ምስሉ ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ኤፍ 1.8 የራሱ ዋጋ አለው፤ በቅርብ ርቀት አንዱ ዓይን ጠርቶ ጆሮው ሊደበዝዝ ስለሚችል ፎከሱን ለካሜራው በሚቀርበው ዓይን ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ፍላሽማ እዚያ ውስጥ ባይታሰብ ይሻላል፤ ጸሎት ይረብሻል። ሌንስ ከማንሳት በፊት ካህኑን ማስፈቀድም የጨዋ ፎቶ አንሺ ወግ ነው።

ታዲያ የትኛውን ሌንስ? የተጠየቀ ሁሉ «ሃምሳዋን ግዛ» ይላል። ምክሩ ከፊልም ዘመን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበችው ላይካ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነውን የፊልም መጠን ባስለመደች ጊዜ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለዚያ መጠን የተመቸ ነበር። ዛሬ ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር ይህንኑ መጠን ይከተላል። ጀማሪ የሚገዛቸው አብዛኞቹ ካሜራዎች ግን ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስተኛ ሴንሰር ስላላቸው ሌንሱ የበለጠ አቅርቦና አጥብቦ ያሳያል። በካነን 1.6፣ በኒኮንና በሶኒ 1.5 ማባዛት ነው። ሃምሳዋ ካነን ላይ ሰማንያ ሆነች ማለት ነው።

ይህ በኑሮ ምን ማለት እንደሆነ እሑድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ይታያል። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ጎረቤት ዙሪያውን ተቀምጧል። ባለ ካሜራው ጀርባው ግድግዳ እስኪነካ ያፈገፍጋል። ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ ያቺ 50 ሚሊ ሜትር በካነን ኤፒኤስ-ሲ የምታሳየው 1.3 ሜትር ስፋት ብቻ ነው። እናትና ረከቦቱ ይገባሉ፤ ጎረቤቶቹ ከፎቶው ውጭ ቀሩ። በኒኮን ወይም በሶኒ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢሆን ኖሮ ስፋቱ 2 ሜትር ይደርስ ነበር፤ 18 ሚሊ ሜትር ደግሞ አራት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ለኤፒኤስ-ሲ ባለቤት ከሃምሳዋ ይልቅ ሠላሳ አምስቷ ትበልጥበታለች። ሃምሳዋ ከጉርድ ፎቶ ወዳድ ጋር ትስማማለች፤ ከሰውየው ራቅ ብለው ስለሚያነሱባት አፍንጫ አይተልቅም። ስልክ ፊት ላይ ተጠግቶ ሲያነሳ አፍንጫን የሚያሳብጠው ቅርበቱ ነው እንጂ የስልኩ ክፋት አይደለም።

ከሰው ምክር የሚሻል ማስረጃ አለ፤ የራስ ፎቶ። ዲጂታል ካሜራ እያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ሌንሱ ስንት ሚሊ ሜትር ላይ እንደነበረ፣ ቀዳዳውና ፍጥነቱ ስንት እንደነበር ይመዘግባል። 18–55ን ይዞ ሁለት ሦስት ወር የሠራ ሰው ከወደዳቸው መቶ ሁለት መቶ ፎቶዎች ይህን መረጃ ይክፈት። አብዛኛው 18 ላይ ከሆነ ሰፋ የሚያደርግ ሌንስ አምሮታል። ሁሉም 55 ላይ ተለጥጦ ከቆመ ረጅም ሌንስ ይፈልጋል። መሐሉ ላይ 30 እና 35 አካባቢ ከተከማቸ ደግሞ መልሱ ከላይ ተነግሯል።

ረጅም ሌንስ ያለ ቦታው የሚገዛበት ጊዜ ብዙ ነው። ስሜን ተራሮች ወይም ደብረ ሊባኖስ አካባቢ ጭላዳ ለማንሳት ቱቦ የሚያክል ሌንስ ተሸክሞ የሚወጣ አለ። ጭላዳ ግን ሣር እየነጨ ቁጭ ብሎ ሰው ብዙም ግድ የማይሰጠው ፍጡር ነው፤ በ100 ሚሊ ሜትር ፊቱና የደረቱ ቀይ ምልክት ፍሬሙን ይሞላሉ። ቀይ ቀበሮ ሌላ ነገር ነው። ባሌ ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው ሳነቴ አምባ ላይ ፍልፈል ላይ ሲያደባ ለመያዝ 300 እና 400 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ከሌንሱ ርዝመት ጋር የእጅ መንቀጥቀጥም ስለሚጎላ በ300 ሚሊ ሜትር ቢያንስ 1/300፣ በኤፒኤስ-ሲ ደግሞ 1/500 ሴኮንድ ፍጥነት መያዝ ይመከራል። ብርዱ ባትሪ ይበላል፤ ትርፉን ባትሪ ከሸሚዝ ስር ደረት ላይ ማሞቅ ነው።

ቦዲውን በተመለከተ ዋናው ጉዳይ የሌንስ መግጠሚያው ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ለካነን ባለቤት የኒኮን ሌንስ ልኮ ሁለቱም ወገን ያዘነበት አጋጣሚ እንግዳ አይደለም፤ አንዱ ሌላው ላይ አይገጥምም። ሌንሱና ካሜራው አንድ ስም ይዘውም እንቅፋት አለ። የኒኮን ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው የራሳቸው ሞተር የሌላቸው የዱሮ ሌንሶች በእጅ ብቻ ይጠራሉ። ከመላኩ በፊት የካሜራውን ሙሉ ስም በፎቶ አንስቶ መላክ ይህን ሁሉ ያድናል።

ሚረርለስ ወይስ ዲኤስኤልአር? ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2013 ኤ7ን ካወጣ በኋላ ካነንና ኒኮንም በ2018 የራሳቸውን ባለ ፉል ፍሬም ሚረርለስ ይዘው ብቅ አሉ፤ አዲሱ ሌንስ ሁሉ አሁን የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ዲኤስኤልአር ውስጥ በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል የነበረው መስታወት ሲወጣ ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ ቀረበ። በካነን የድሮው መግጠሚያ ከሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ይርቅ ነበር፤ አዲሱ 20 ብቻ ነው። ትርፉን 24 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ቀለበት ጣልቃ ገብቶ የድሮው ሌንስ አዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራል፤ የአዲሱ ሌንስ ወደ ድሮው ካሜራ ግን አይሄድም። ለገዢ ጥሩ ዜናው፣ ብዙ ሰው ወደ አዲሱ ሲሸጋገር ያገለገለ ዲኤስኤልአር በርከት ብሎና ረከስ ብሎ መገኘቱ ነው።

ያገለገለ ሲገዙ የሻጩ አንደበት አያዘናጋዎ። ሚሞሪ ካርድዎን ይዘው ይሂዱ። ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አድርገው ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ያንሱ፤ ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ እንደ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ሌንሱን ከካሜራው አውልቀው በአንዱ ጫፍ የስልክ ባትሪ መብራት አብርተው በሌላው ጫፍ ይመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካዩ ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ይተዉት። አቧራ ጥቂት ቢኖርበት ግን ፎቶው ላይ አይታይም፤ በሱ አይጨቃጨቁ። ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ሸተሩ፣ ስንት ጊዜ እንደተመታም ይጠይቁ። አነስተኛ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ የሚገመቱት ለ100,000 ያህል ነው፤ ፎቶ ቤት ሠርግ ሲያነሳበት የከረመ ካሜራ ከዚያ አልፎ ሊሆን ይችላል።

ሻጋታው ከገዙ በኋላም ይመጣል። ክረምት ላይ ሌንስን በቆዳ ቦርሳ አሽጎ ቁም ሣጥን ውስጥ መክተት እርሻ አዘጋጅቶ እንደ መስጠት ነው። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥንና ጥቂት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች በቂ ናቸው፤ ሩዝ ዱቄቱን ስለሚያራግፍ አይመከርም። በጋ ላይ ሌንስ ሲቀይሩ ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ያዙሩ።

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ሚዛኑ ወዲህ ያደላል፤ ያገለገለ ባለ 24 ሜጋፒክሰል ኤፒኤስ-ሲ ቦዲ፣ አብሮት የሚመጣው 18–55፣ ከሱም ጋር ባለ ኤፍ 1.8 ሠላሳ አምስት። የተረፈው ለአውቶቡስ ይሁን፤ አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ፊት ላይ ጥቁር ጥላ ስለምትጥል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊትና ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መውጣት ይሻላል። ለሚመጣው ጥምቀት ጃን ሜዳ ሲሄዱ +1 አይርሱ፤ ለካሜራውም የፕላስቲክ ከረጢት ይያዙለት፤ ጸበሉ ሲረጭ ሰውና ካሜራ አይለይም።