ትኩሳት ሁሉ አንድ አይደለም

ደቅ በጣና ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ባሕር ዳር ለመድረስ ሐይቁን በጀልባ መሻገር ያስፈልጋል። በዚህ ደሴት አንድን ሕፃን በሌሊት ትኩሳት ያዘው እንበል። ሕመሙ ጉንፋን ነው? ኩፍኝ ነው? ወይስ ወባ? ጉንፋንና ኩፍኝ ከቫይረስ ይመጣሉ፤ በጣና ዳርቻ የተለመደው ወባ ግን በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ከቫይረስ የተለየ ተሐዋሲ የሚያመጣው በሽታ ነው። ሦስቱም በትኩሳት ሊጀምሩ ስለሚችሉ ግንባርን በእጅ ዳስሶ ብቻ መለየት አይቻልም። ታዲያ ሐኪም እንዴት ይለያቸዋል?

የሐኪሙ የመጀመሪያ መሣሪያ ጥያቄ ነው። ትኩሳቱ መቼ ጀመረ? ሕፃኑ ተከትቧል ወይ? በቤት ወይም በጎረቤት የታመመ ሰው አለ ወይ? የኩፍኝ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በሽታው ከተላለፈ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ያለፉት ሁለት ሳምንታት ታሪክ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

ሁለተኛው መሣሪያ ዓይን ነው። ኩፍኝ ከትኩሳት ጋር ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ያመጣል። ሽፍታው ከመውጣቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞም በጉንጭ ውስጥ፣ በመንጋጋ ጥርሶች ትይዩ፣ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ሊታዩ ይችላሉ። ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ኋላ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ጆሮ ደግፍ ደግሞ ከጆሮ በታች በሚታይ እብጠት ይታወቃል። በጎልማሳ ላይ ድንገት የሚነሣ ትኩሳት፣ የራስና የጡንቻ ሕመም እንዲሁም ደረቅ ሳል ኢንፍሉዌንዛን ያመለክታሉ። የዓይን ቢጫ መሆን በሕዝብ ዘንድ የወፍ በሽታ የሚባለውን የጉበት ሕመም ያስጠረጥራል።

ሦስተኛው መሣሪያ ላቦራቶሪ ነው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ወባ ይመረመራል። ኩፍኝን ለማረጋገጥ ደግሞ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይፈለጋል። ነገር ግን ሽፍታው ከወጣ ሦስት ቀን ካልሞላው ይህ ንጥረ ነገር ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ «አልተገኘም» ማለት ሁልጊዜ «የለም» ማለት አይደለም። ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ-19 የሚመረመሩት ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ በሚወሰድ ናሙና ነው። ተራ ጉንፋን ግን አብዛኛውን ጊዜ የላቦራቶሪ ምርመራ አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ መለየት ለምን ይጠቅማል? ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት ቫይረስን አይገድልም፤ ወባም የራሱ መድኃኒት በጊዜው ካልተሰጠው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለሆነም በቤታችሁ ሰው ሲታመም ሕመሙን በግምት አትሰይሙ። የጀመረበትን ቀንና ያያችሁትን ምልክት ልብ በሉ፤ ሐኪም ዘንድ ስትደርሱም ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ተናገሩ። ከደሴት ለሚነሣ ሕመምተኛ ጀልባ ማግኘት ራሱ ጊዜ ይወስዳልና፣ በግምት የሚባክን ቀን እንዳይጨመርበት ተጠንቀቁ።