ለብዙ ሰው የሚሆን ስልታዊ ጨዋታና የአካባቢ ቡድን አመሠራረት

1. መግቢያ

ከማስተማሪያ ዘዴዎች መካከል አንዱ የማስመሰል ጨዋታ ነው። በዚህ ዘዴ ተማሪው ስለ አንድ ሁኔታ ሲነገረው ከመስማት ይልቅ ራሱ በሁኔታው ውስጥ ገብቶ ይወስናል፤ የውሳኔውንም ውጤት ይቀበላል። ከዘዴው ቅርንጫፎች አንዱ በእንግሊዝ አገር «ሜጋጌም» የተባለው ነው። ይኸውም ከ30 እስከ 80፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ የሚያካሂዱት ስልታዊ ጨዋታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጨዋታውን አመጣጥና አሠራር በአጭሩ ማብራራት፣ ከዋና ከተማ ርቆ በሚገኝ አካባቢም ይህን የመሰለ ቡድን ለመመሥረት የሚያስፈልገውን ማመልከት ነው።

2. አመጣጥ

የጨዋታው ሥር በፕሩስያ የጦር ሠራዊት ውስጥ ይገኛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ጌኦርግ ፎን ራይስቪትዝ የተባለ መኮንን ባቀረበው የጦርነት ጨዋታ፣ ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ለዳኛ ይሰጡ ነበር፤ ዳኛውም እያንዳንዱ ወገን በእውነተኛ ውጊያ ሊያይ የሚችለውን ብቻ ይገልጽለት ነበር። በ1876 ደግሞ ፌርዲ ዱ ቬርኗ የተባለው መኮንን ብዛት ባላቸው የሕግ ሰንጠረዦች ፈንታ የዳኛው ልምድና ፍርድ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሃሮልድ ጌትስኮ በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ዘዴውን ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት አዋለው።

በእንግሊዝ አገር በሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ የታሪክ መምህር የነበረው ፓዲ ግሪፊዝ፣ ጀርመን በ1940 እንግሊዝን ለመውረር ያወጣችውን ዕቅድ የሚመረምር ሰፊ ጨዋታ በ1974 አካሄደ። ሜጋጌም ከዚህ ዓይነቱ ሥራ አደገ። ጂም ዎልማን የደረሰው፣ መንግሥታት ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራንን የሚጋፈጡበት «ዎች ዘ ስካይስ» የተባለው ጨዋታ በ2014 በለንደን ከተካሄደና በፊልም ከታየ በኋላ፣ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው በለንደን ተወስኖ የነበረው እንቅስቃሴ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተስፋፋ። በሰሜን እንግሊዝ የፔናይን፣ በደቡብ ምዕራብም የራሱ የአካባቢ ቡድን ተቋቋመ።

3. አሠራር

ተሳታፊዎች ከ3 እስከ 6 አባላት ባሉት ጓዶች ይከፈላሉ። አንዱ ጓድ አንድን መንግሥት ቢወክል፣ ከአባላቱ አንዱ መሪ፣ ሌላው የውጭ ጉዳይ ኃላፊ፣ ሦስተኛው የጦር አዛዥ ይሆናል። የጦር አዛዡ ወደ ካርታው፣ የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ወደ ጉባኤው ሲሄዱ መሪው ሁለቱ የሚያመጡለትን የተቆራረጠ ወሬ አገናኝቶ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መወሰን አለበት። ማንም ብቻውን ሙሉውን ነገር አያይም። የጨዋታው ትምህርታዊ ዋጋ ከዚህ ላይ ነው፤ ታሪክን ከመጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ መጨረሻውን ስለሚያውቅ በቀድሞ መሪዎች ስሕተት ይገረማል፤ በጨዋታው ውስጥ ግን ስሕተቱ እንዴት እንደሚሠራ በራሱ ላይ ያየዋል።

4. ቡድኑ የሚመሠረትበት ሁኔታ

አዲስ ቡድን ለመመሥረት የሚነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ካርታና ስለ ቁሳቁስ ነው። ነገር ግን ቡድኑን የሚያቆመው ዳኛ ነው። ስለሆነም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመረጣል።

ሀ) በመጀመሪያ ከ5 እስከ 8 የሚሆኑ ሰዎችን ለዳኝነት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የሚቻል ከሆነ ሌላ ቡድን በሚያካሂደው ጨዋታ ላይ አንድ ጊዜ በተጫዋችነት፣ አንድ ጊዜም በረዳት ዳኝነት ይሳተፉ። ዳኛ ሕጉን በቃሉ ከመያዙ ይልቅ፣ በሕጉ ያልተጻፈ ሐሳብ ሲቀርብለት ፈጥኖና ሳያዳላ መፍረድ መቻሉ ይበልጣል።

ለ) የመጀመሪያው ጨዋታ ቀደም ሲል ተሞክሮ የተሳካ ይሁን። አዲስ ጨዋታ መድረስና አዲስ ቡድን ማቋቋም በአንድ ጊዜ ቢጀመሩ፣ አንድ ችግር ሲደርስ ጥፋቱ ከጨዋታው ይሁን ከአመራሩ ለመለየት አይቻልም።

ሐ) ከዋናው ቀን በፊት በ10 ወይም በ12 ሰዎች አንድ ሁለት ዙር መሞከር ይገባል። በሙከራው ጊዜ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ተጫዋች ከታየ፣ የዚያ ሰው ድርሻ መሻሻል አለበት።

መ) የሰዓት ጠባቂነት ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ። በአንድ ካርታ ላይ የዘገየ ዙር አዳራሹን በሙሉ ያዘገያል።

ሠ) ከቀኑ የመጨረሻው ሰዓት ለውይይት ይጠበቅ። እያንዳንዱ ጓድ ምን አስቦ እንደ ነበረና ምን እንዳላወቀ ይናገራል፤ ዳኞችም ጨዋታው ከእውነቱ የሚለይበትን ነጥብ ይገልጻሉ። ይህ ከተዘለለ ተሳታፊው በአጋጣሚ የደረሰውን ውጤት እንደ ታሪክ ሕግ ይዞ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለው ትምህርት ካለመማር የከፋ ነው።

ረ) በሁለተኛው ጨዋታ የዳኞች አለቃ ሌላ ሰው ይሁን። ሁሉም ሥራ በመሥራቹ እጅ ያለ ቡድን፣ እርሱ ሲዛወር ወይም ሲደክም ይፈርሳል።

5. ማጠቃለያ

ዘዴው ወረቀት፣ ካርታ፣ ጠረጴዛና ሰዓት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ስለዚህ የተማሪ ብዛት ለሚያስጨንቀው መምህር ልዩ ትርጉም አለው። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አንዱ ሲናገር 59ኙ ይቀመጣሉ፤ በ12 ጓድ ተከፍለው ግድብ በሚሠራበት ወንዝ ወይም በድንበር ውል ላይ ቢደራደሩ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ነገር የመወሰን ኃላፊነት ይኖራቸዋል። መምህሩም በዚያን ጊዜ ተናጋሪነቱን ትቶ ዳኛ ይሆናል። ዕቅድ አውጪዎች ይህን ዘዴ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ለማስገባት ቢያስቡ፣ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባቸው ስንት ካርታ እንዳለ ሳይሆን ለመፍረድና ውይይት ለመምራት የሠለጠነ ስንት መምህር እንዳለ ነው።