እንደራሴያችን ለጤናችን ምን ድምፅ ሰጡ?

በነርስነት ሳገለግል ሕጻን በሳንባ ምች ታሞ ሲመጣ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። የእኔ ምክር አንድ ቤት ይጠብቃል፤ ሕግ ግን አገር ይጠብቃል።

ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112ን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። አዋጁ በተዘጉ የሥራና የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን፣ 21 ዓመት ላልሞላው ትምባሆና አልኮል መሸጥን ከለከለ። የቢራ ማስታወቂያም ከቴሌቪዥናችን የጠፋው በዚሁ አዋጅ ነው።

በሙሉ ድምፅ ስለጸደቀ በዕለቱ የተገኙት እንደራሴዎች ሁሉ ደግፈውታል ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ግን ዜናው «በአብላጫ ድምፅ፣ በዚህን ያህል ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ» ብሎ ቁጥር ይነግረናል እንጂ እጁን ያነሳው ማን እንደሆነ አይነግረንም። መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።

መብቱም አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እያደገ እንዲሄድ ያዛል። ምክር ቤቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። እንደራሴያችን ወደ ቦንጋ መጥተው ስብሰባ ሲጠሩን፣ ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ሦስት ነገር እንጠይቃቸው፦ በጤና በጀት ላይ ምን ድምፅ ሰጡ? ስለ ካፋ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ምን ተናገሩ? አዋጁ በከተማችን መጠጥ ቤቶች እንዲከበር ምን አደረጉ?

መልሳቸውን በልጅ ልጆቻችን ደብተር እናስጽፍ። ምርጫ ሲደርስ ገልጠን እናያለን።