ያውቁ ኖሯል? ሲነኩት ውሃ የሚተፋው የባሕር ዘመድዎ

ያውቁ ኖሯል? ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው ከረጢት የሚመስል፣ ሲነኩት ውሃውን ፊን አድርጎ የሚተፋ እንስሳ አለ። ስሙ አሲዲያን ይባላል። እግር የለው፣ ራስ የለው፣ አጥንት የለው! ግን አከርካሪ ከሌላቸው እንስሳት ሁሉ ለእርስዎ የቅርብ ዘመድ የሚሆነው እሱ ነው!

ዝምድናውን ያጋለጠው እጩ፣ ማለትም ከእንቁላል የሚፈለፈለው ግልገሉ ነው። አሲዲያን ለብዙ ዘመን ከቀንድ አውጣ ወገን ሲቆጠር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ዕድገቱን ቢከታተል ባለጅራቱ እጭ ጉዱን አወጣው! ልክ የእንቁራሪት እጭ! ጅራቱ ውስጥ ደግሞ የጀርባ ዘንግ! እርስዎም በእናትዎ ማህፀን ሳሉ እንዲህ ያለ ዘንግ ነበረዎት!

ሲዮና በተባለው ዝርያ ያ ዘንግ ስንት ሕዋስ አለው ይላሉ? ልክ 40! የጅራቱ ጡንቻስ? 36፤ በግራ 18፣ በቀኝ 18! እጩ በሙሉ ቢቆጠር 2,600 ሕዋስ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ለመሥራት 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ 18 ሰዓት ያህል ይበቃዋል!

እ.ኤ.አ. በ1887 ፈረንሳዊው ሎራን ሻብሪ ሁለት ሕዋስ ላይ የደረሰ ሽል ወስዶ አንዱን ሕዋስ በቀጭን መርፌ ወግቶ ገደለው። የተረፈው ምን ሆነ? ግማሽ እጭ!

እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ አሜሪካዊው ኤድዊን ኮንክሊን ተፈጥሮ ራሷ ቀለም የቀባችው እንቁላል አገኘ። ስታየላ የተባለው ዝርያ እንቁላል ቢጫ ነገር አለበት። የወንድ ዘር ሲገባ ቢጫው ተንደርድሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ በአንድ ጎን ተሰብስቦ እንደ አዲስ ጨረቃ ይቀመጣል። ሕዋሱ ሁለት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ ስምንት ሆነ፤ ቢጫው የገባበት በዓይን ይታያል! መጨረሻው የት ነው? የጅራቱ ጡንቻ ውስጥ!

ለጡንቻ የሚያዝዘው መልእክት ከእናት የተሰጠ ስንቅ ነው! እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች አገኙትና ማቾ 1 አሉት። ሲያጠፉት አብዛኛው ጡንቻ ጠፋ፤ በማይገባው ሕዋስ ሲጨምሩት እዚያም ጡንቻ በቀለ! ይህ የተገኘበት ዝርያ ደግሞ በጃፓንና በኮሪያ ገበታ ላይ የሚቀርብ ምግብ ነው!

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሽሉ 32 ሕዋስ ሲሆን የሚፈጸመው ነው። ታች ያሉት ሕዋሳት ኤፍጂኤፍ የተባለ የፕሮቲን መልእክት ይለቃሉ። ላይ ያሉት 16ቱም መልእክቱን መስማት ይችላሉ፤ ሰምተው ወደ ነርቭ መንገድ የሚያመሩት ግን 4 ብቻ! ምን ለያቸው? ከላኪዎቹ ጋር የተነካኩበት ገጽ ስፋት! ሰፋ አድርጎ የተጠጋ ይሰማል፤ በጠርዙ ብቻ የነካ አይሰማም!

እዚያው ሰፈር ሌላ ጉድ አለ። አንዲት ሕዋስ ለሁለት ስትከፈል አንዷ ልጅ ዘንግ፣ ሌላዋ የነርቭ ገመድ ትሆናለች። በአንድ በኩል ያለች ጎረቤት የነርቭ ገመድ በምትሆነዋ ላይ ኤፍሪን በተባለ ፕሮቲን የኤፍጂኤፍን መልእክት ታፍንባታለችና! ሳይንቲስቶች ይህን አፈና ቢያስቀሩት ሁለቱም ልጆች ዘንግ ሆነው ቁጭ አሉ!

ዘንጉን የሚያዝዘው ጂን ብራኪዩሪ ይባላል፤ በግሪክኛ «አጭር ጅራት» ማለት ነው። ስሙ የወጣለት ጅራታቸው ካጠረ አይጦች ነው። እርስዎም አለዎት!

የጂኖች ማብሪያ ማጥፊያስ? ተመራማሪዎች የአንዱን ማብሪያ ፊደላት ለውጠው ፕሮቲኖቹ ጠበቅ ብለው እንዲይዙት አደረጉ። ይሻሻላል ሲባል በማይገባው ሕዋስ ሁሉ በራ! ላላ ማለቱ ነበር ሥራውን በቦታው የያዘለት!

የለበሱት ነጠላ ከጥጥ ነው? ጥጥ ሴሉሎስ ነው። አሲዲያንም ሴሉሎስ ይለብሳል፤ ያውም ራሱ ሠርቶ! ከእንስሳት ይህን የሚችሉት እሱና የቅርብ ወገኖቹ ብቻ ናቸው። ጂኑ የመጣው ከጥንት ባክቴሪያ ነው!

ጅራት የለሽ እጭ ያለው ዝርያም አለ፤ ሞልጉላ ኦኩልታ። እንቁላሉን ባለጅራት ዘመዱ ቢያዳቅለው ከልጆቹ አንዳንዶቹ አጭር ጅራት አወጡ! ለጅራቱ የሚያስፈልግ አንድ ጂን ሲገኝ ማንክስ ተባለ፤ ማን በተባለችው ደሴት ጅራት አልባ ድመቶች ስም!

ያ 40 ሕዋስ ተቆጥሮለት የተሠራው ዘንግስ ምን ይሆናል? እጩ ሲዋኝ ምንም አይበላም። ቦታ ሲመርጥ በግንባሩ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፤ ጅራቱን ወደ ውስጡ ይስባል። ዘንጉም፣ 36ቱ የጅራት ጡንቻ ሕዋሳትም እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ፈርሰው ይቀራሉ!