የዩ ስትሪት ምግብ ቤቶች የት ገቡ?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ የሚገናኙበት ሰፈር፣ ከሃያ ዓመት በፊት አመሻሽ ላይ ብቅ ያለ ሰው ግራ ቀኙ የሐበሻ ቤት ነበር። ዛሬም የቀሩ አሉ። የድሮ ደንበኛ ቢመለስ ግን ከሚያውቃቸው ታፔላዎች ብዙዎቹን ፈልጎ ያጣቸዋል። ለምን ሲባል መልሳችን አንድ ነው፦ «ኪራይ ተወደደ»። እውነት ነው፤ ግን ኪራዩ በየትኛው በር ገብቶ ማን ላይ እንደሚወድቅ ስታዩት ትገረማላችሁ። ቁጭ በሉና ላስረዳችሁ።

ከመነሻው ልጀምር፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ብዙ ወገን ወደ ዲሲ ገባ፤ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ደግሞ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተው። ማማ ደስታ የተባለችው ምግብ ቤት በ1978 ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሥራ ጀመረች። ቀጥሎ ተራው የአዳምስ ሞርጋን ሆነ፤ በሰማንያዎቹ 18ኛው መንገድ ላይ ምግብ ቤቶቻችን ተደረደሩ። እዚያ ኪራዩ ሲከብድ ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ዩ ስትሪት አዞሩ።

ዩ ስትሪት ርካሽ የሆነበት ምክንያት የሚያሳዝን ነው። ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃና የንግድ መናኸሪያ ነበር። ኤፕሪል 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሣው ቁጣ ብዙ ሱቅ ነደደ። ቆየት ብሎ ለምድር ባቡሩ ተብሎ መንገዱ ለዓመታት ተቆፍሮ ከረመ፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። ሱቁ ባዶ ስለነበር አከራይ ተከራይ ይፈልግ ነበር። የኛ ሰዎች በዕቁብ ብርና በቤተሰብ ጉልበት የገቡት ያኔ ነው። እናት ወጡን ትሠራለች፣ አባት ታክሲ ነድቶ ኪራዩን ይሞላል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ሒሳብ ይቀበላል። መብራቱ በርቶ ሲያመሽ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ሰፈሩ ነፍስ ዘራ። ሰፈሩ ነፍስ ሲዘራ ደግሞ ገዢ መጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ወደ ኪራይ ውሉ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሱቅ ኪራይ «ትሪፕል ኔት» በሚባለው ዓይነት ነው የሚፈረመው። ተከራዩ ከወር ኪራዩ ሌላ የሕንፃውን ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ይከፍላል ማለት ነው። ሕንፃው የሌላ ሰው፣ ግብሩ የእሱ። አከራዩ ኪራይ አንዲት ሳንቲም ባይጨምር እንኳ ሰፈሩ ሲወደድ የተከራዩ ወጪ ይጨምራል።

በቁጥር እንየው፤ ሕንፃው የምሳሌ ነው፣ የግብሩ መጠን ግን የእውነት ነው። ዲሲ ግምታቸው ከ5 ሚሊዮን ዶላር የማያልፍ የንግድ ሕንፃዎችን በ100 ዶላር 1.65 ታስከፍላለች። 600,000 ዶላር የተገመተች ትንሽ ሕንፃ የዓመት ግብሯ 9,900 ነው። ጎረቤቷ በውድ ተሸጦ የእሷም ግምት 2 ሚሊዮን ሲደርስ ግብሯ 33,000 ይሆናል። ልዩነቱ 23,100 ዶላር። ከአንድ በያይነቱ ላይ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 2 ዶላር ቢተርፍ፣ ተከራዩ ለዚህች ጭማሪ ብቻ በዓመት 11,550 በያይነቱ መሸጥ አለበት፤ አንድ ቀን ሳይዘጋ በቀን 32 ገደማ። ያውም ዋናው ኪራይ ገና አልተነካም!

እሺ፣ ይህንንም ቻለው እንበል። ውሉ ሲያልቅስ? ማራዘም የተከራዩ መብት መሆኑ በጽሑፍ ካልሰፈረ (ነጋዴዎቹ «ኦፕሽን» ይሉታል) አከራዩ የፈለገውን ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። አንዳንዱ ውል ደግሞ ሕንፃው የሚፈርስ ከሆነ ቀነ ገደብ ሰጥቶ ለማስወጣት ይፈቅዳል። ሲወጡ ምን ይዘው ይወጣሉ? ድስቱን፣ ምጣዱን፣ መሶቡን። ከምድጃው በላይ ያለው ጭስ መሳቢያ፣ ከመሬት ሥር ያለው የቅባት ማጣሪያ፣ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ቤተሰቡ በብድር ያስገባው ነው፤ ግን ግድግዳው ላይ ስለተበየደና ወለሉ ውስጥ ስለተቀበረ አብዛኛውን ጊዜ ለአከራዩ ይቀራል። ለቀጣዩ ተከራይ የተዘጋጀ ወጥ ቤት ሆኖ ይጠብቀዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

«ሕጉስ?» ትሉ ይሆናል። ዲሲ ለመኖሪያ ቤት ተከራይ ጥሩ ሕግ አላት። በ1980 የወጣው ሕግ ቤቱ ሲሸጥ ተከራዩ ቅድሚያ የመግዛት ዕድል እንዲያገኝ አደረገ፤ የ1985ቱ ደግሞ በብዙ አሮጌ አፓርታማዎች የኪራይ ጭማሪን ይገድባል። ሁለቱም ለሱቅ አይሠሩም። ሱቅ የሚከራይ ሰው እንደ ባለሀብት ስለሚታይ፣ ራሱን ይከላከል ተብሎ ይተዋል። ኒው ዮርክ ከ1945 እስከ 1963 በሱቅ ኪራይ ላይ ገደብ ነበራት፤ ከዚያ በኋላ ለመመለስ ተደጋግሞ ተሞክሮ አልተሳካም።

ሐቁን ሙሉ እንናገር ካልን፣ እኛም እዚያ ሰፈር እንግዶች ነበርን። በ2005 የ9ኛውን መንገድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ለማሰኘት ሲሞከር ነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። ይህ ሰፈር ስም አለው፣ ታሪኩም የኛ ነው አሉ። እውነት ነበራቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2011 ገደማ፣ የከተማዋ ጥቁር ሕዝብ ከግማሽ በታች ወረደ። ስለ ስሙ የተከራከሩት ሁለቱም ወገኖች ከአንድ ኪራይ ጋር ይታገሉ ነበር።

ታዲያ የቆዩት እንዴት ቆዩ? መልሱ በአብዛኛው አጭር ነው፤ ሕንፃውን ገዝተው። ግብሩ እነሱንም ያስጨንቃል፤ ግን የጨመረው ዋጋ የራሳቸው ሀብት ነው። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው አንድ መንገድ አለ። የመንግሥት የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር የሚደግፈው «504» የተባለው ብድር፣ ቆየት ያለ ንግድ የሚሠራበትን ሕንፃ 10 በመቶ ብቻ አስቀድሞ ከፍሎ እንዲገዛ ያስችላል። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በ2015 በሕዝብ ድምፅ ሌላ ዘዴ አጸደቀች፦ ለነባር ንግድ የ10 ዓመት ውል ለሚሰጥ አከራይ ከተማዋ ድጎማ ትሰጠዋለች። ዲሲም ብትሞክረው ምንኛ ደስ ባለኝ!

የወጡት ብዙዎቹ ወደ ዳር ሄደዋል፤ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች። እንጀራው እዚያ ይሸጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ የለቅሶና የሠርግ ማስታወቂያው መስታወት ላይ ይለጠፋል። መኪና የሌላቸው አዛውንት ግን ድሮ በእግራቸው ይደርሱበት የነበረውን ሱቅ አሁን ልጅ ካላደረሳቸው አያዩትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ደግሞ ፐርፕል ላይን የተባለው አዲስ ባቡር እየተሠራ ነው፤ አንዱ ጣቢያ ፌንተን ስትሪት ዳር፣ ከምግብ ቤቶቻችን አጠገብ ነው። ቁፋሮው ገበያ ይቀንሳል፣ ሐዲዱ ሲያልቅ የመሬት ዋጋ ይጨምራል፤ ዩ ስትሪት ላይ ያየነው ቅደም ተከተል ነው። እዚያ ሱቅ ያላቸው ዘመዶችና ጓደኞች ካሏችሁ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው፤ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ ኦፕሽን እንዳለው፣ የግብር ጭማሪው ጣሪያ እንዳለው ጠይቋቸው። ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ አከራይ ተከራዩን ማጣት አይፈልግም፤ ስለ ውል ለመደራደር የሚሻለው ጊዜ ባቡሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው።