ለተፈለሰፈ ጨዋታ የሚወጣ ስም፦ ቅርጫት፣ መረብና ገና

አዲስ የኳስ ጨዋታ ሲፈለሰፍ ሜዳውና መሣሪያው አብረው ይፈለሰፋሉ፤ ስሙ ግን ወደ ሌላ ቋንቋ በተሻገረ ቁጥር እንደገና መፈጠር ይኖርበታል። ጄምስ ኔይስሚዝ በ1891 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በቤት ውስጥ የሚካሄድ ጨዋታ ሲያበጅ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ አስቸነከረ። የጨዋታው ስም ከዚያ ወጣ፤ አማርኛም «ቅርጫት ኳስ» ብሎ ቃል በቃል ተከተለው። ቅርጫቱን የብረት ቀለበት ከተካው ብዙ ዘመን ቢያልፍም ስሙ የመጀመሪያውን መሣሪያ እንደያዘ አለ።

በ1895 (እ.ኤ.አ.) ዊልያም ሞርጋን ለፈጠረው ጨዋታ ግን አማርኛ የራሱን መንገድ መርጧል። የእንግሊዝኛው ስም ኳስ መሬት ሳይነካ መመታቱን ሲያመለክት፣ «መረብ ኳስ» ያተኮረው ሜዳውን ለሁለት በሚከፍለው መሣሪያ ላይ ነው። በእግር ኳስ ግብም፣ ከቅርጫቱ ቀለበት ሥርም መረብ አለ የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ዳሩ ግን በእነዚያ መረቡ የገባውን ኳስ ከመቀበል አያልፍም፤ በዚህኛው ግን ያለ መረብ ጨዋታ የለም። ስለዚህ ስያሜው ተገቢ ነው፤ እንደ እኔ ግምት ከእንግሊዝኛውም ይሻላል። በማጂ ወረዳ፣ በቱም ከተማ፣ አፉን በዲዚኛ የፈታ ተማሪ ጨዋታውን አይቶ ባያውቅ እንኳ «መረብ» የሚለውን ቃል ካወቀ ገሚሱ ተገልጾለታል። «ቮሊቦል» ቢባል ግን ምንም አልተነገረውም።

የሚያስቸግረው «ገና» ነው። ቃሉ በዓሉንም፣ ጨዋታውንም፣ ጫፉ ቆልመም ያለውን ዱላም ይጠራል። የሚመታው ነገር «ጥንግ» ወይም «ሩር» የሚል የራሱ ስም ስላለው «ኳስ» የሚለው ቃል አላስፈለገም። ታዲያ ሆኪም በቆልማማ ዱላ የሚካሄድ ሲሆን ስለምን «ገና» አልተባለም? አንደኛው ምክንያት ቃሉ ከበዓሉ የማይላቀቅ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ሜዳው ይመስለኛል፤ በጥንቱ ገና የተከለለ ሜዳም ሆነ የተወሰነ የተጫዋች ቁጥር አልነበረም። በኋላ ለባህል ስፖርት ውድድር ደንብ ሲወጣለት ይህ ሁሉ ተበጀለትና አሮጌው ጨዋታ በከፊል እንደ አዲስ ተፈለሰፈ።

ተርጓሚው «ሆኪ»ን እንዳለ ቢቀበል አይነቀፍም። መሣሪያውን ግን «ስቲክ» የሚልበት ምክንያት የለም፤ «ዱላ» ይበቃል። በመዝገበ ቃላት ደግሞ «ና» የሚጠብቅበት ገና ከሦስቱ ፍችዎቹ ጋር በአንድ ርእስ ሥር ይቀመጥ። «እስካሁን» የሚል ፍች ያለው፣ «ና» የሚላላበት ገና ግን ለብቻው ይግባ።